«ጓደኛዬ የሞተ አምፕ ሸጠልኝ!»

የፍቅር ጥያቄ ሲጎርፍልን ከርሞ ዛሬ ለየት ያለ መጣልን። ለየት ያለ ስላችሁ ግን የሰው ጉዳይ የለበትም ማለቴ አይደለም። ጓደኝነት አለበት፣ ገንዘብ አለበት፣ የሥጋ ዘመድ አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳት አለበት። እሳት ስል የፍቅር እሳት እንዳይመስላችሁ፤ የምሩን፣ የሚያቃጥለውን ማለቴ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአሶሳ ነው። ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳናወጣ ለምኖናል፤ ባይለምነንም አናወጣም። እስቲ አንብቡት።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የምሠራው በአክስቴ ዶልፊን ነው። አሶሳ ባምባሲ እመላለሳለሁ። አክስቴ መኪናዋን የገዟት የዕድሜያቸውን ጥሪት አውጥተው ነው። እኔ ደግሞ ዕቁብ ሲወጣልኝ ከልጅነት ጓደኛዬ ያገለገለ አምፕ ከነቤዙ በ14 ሺህ ብር ገዛሁ። እሱ ቤት በመኪና ባትሪ አስነስቶ ሲያሳየኝ ግድግዳ ያርድ ነበር። እኔ መኪና ላይ ሲገጠም ግን አልነሳ አለ። ቴፑን ስከፍት አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ቤዙ ዱም ይላል፣ ከዚያ ድርግም። ደግሞ ብልጭ፣ ዱም፣ ድርግም። አንድ ዘፈን አስጨርሶኝ አያውቅም።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጠረጴዛው ላይ በቻርጀር ሞከረውና ‹ፓወሩ ሞቷል፣ ጣለው› አለኝ። ደሜ ፈላ። በቀጥታ መናኸሪያ ሄጄ ጓደኛዬን ሰው በተሰበሰበበት ‹ሌባ! እያወቅክ የሞተ ዕቃ ሸጥክልኝ› አልኩት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም፤ ዝም ብሎኝ ሄደ። ይኸው 3 ሳምንት አልተነጋገርንም። ረዳቴ ደግሞ ‹ፊውዙ ነው ያነቀው› ብሎ ፊውዙን አወጣና በወፍራም ሽቦ ተካልኝ። ለውጥ የለም። እንዲያውም ስሞክረው ከኋላ ወንበር ሥር የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀምሯል። ተሳፋሪ ማጉረምረም ጀመረ። አክስቴም ሰምተው ‹ይሄን ጉድህን አውጣ፣ አለዚያ ቁልፌን አምጣ› ብለውኛል። ጓደኛዬን ፖሊስ ጋ ልክሰሰው? ወይስ ዕቃውን ጥዬ ሁሉንም ልርሳው?»

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሽቦው!

መልእክቱ በደረሰን ዕለት ማታውኑ ለወጣቱ የላክንለት መልስ አጭር ነበር፦ «አሁኑኑ ሽቦውን አውጣ፣ የአምፑን ካቦ ከባትሪው ላይ ፍታ፣ ከዚያ እናወራለን።» ስለ ጓደኛም ስለ ክስም አልተነጋገርንም። ለምን? ቀሪው ሁሉ ይደርሳል፤ እሳት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ወገኖቼ፣ ፊውዝ ማለት ዘበኛ ነው። የመኪና ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በቀጥታ ከተነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል። ከባትሪው ተነስቶ ምንጣፍ ለምንጣፍ እስከ ኋላ ወንበር የሚሄደው ካቦ አንድ ቦታ ላይ ቢላጥና ቦዲውን ቢነካ፣ ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይበጠሳል፤ በቃ፣ ጉዳቱ የፊውዝ ዋጋ ነው። ፊውዝ ከሌለ ግን ካቦው ራሱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ምንጣፉ ይያያዛል። ሰው ጢም ብሎ በተጫነበት ዶልፊን ውስጥ ስንት ሰው በአንዲት በር ተጋፍቶ እንደሚወርድ አስቡት። እሱን ካሰባችሁ በኋላ ፊውዝ በሽቦ ለመተካት እጃችሁ አይታዘዝላችሁም።

ደግሞም ፊውዝ «አያንቅም»። ደህና ፊውዝ ኤሌክትሪኩን ወይ ያሳልፋል ወይ ይበጠሳል፤ መሐል ላይ የለም። የአምፕ ዋና ፊውዝ ደግሞ የሚቀመጠው ከባትሪው ቢበዛ ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ነው። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ አምፑን እንጂ ካቦውን አይጠብቅም።

አምፕ እንዴት ይነሳል?

ሽቦው ከወጣ በኋላ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብዙ ሰው አምፕን እንደ አምፖል ያየዋል፤ መብራት ከመጣለት ይበራል፣ ካልመጣለት አይበራም። አይደለም። አምፕ ሲነሳ ልክ እንደ ተራ ነው፤ አንዱ ካልገባ ቀጣዩ አይገባም።

አሶሳና አካባቢዋ ያላችሁ የበርታዎቹን ዋዛ ታውቁታላችሁ። ከቅል የተሠሩት ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጡት። ተጫዋቾቹ ተራ ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው ዜማው የሚወጣው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። አምፕም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ዋዛ ቢመስልም ነገሩ ዋዛ አይደለም።

አምፑ ላይ ሦስት የኃይል መግቢያዎች አሉ። አንደኛው ከባትሪ በወፍራም ካቦ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። ሁለተኛው ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ። ሦስተኛው ሪሞት የምንላት ቀጭን ገመድ ስትሆን ከቴፑ ጀርባ ትመጣለች፤ በአብዛኞቹ ቴፖች ላይ ነጭ መስመር ያለባት ሰማያዊ ናት። ቴፑ ሲከፈት በሪሞቷ 12 ቮልት ይልካል። ያ 12 ቮልት ስፒከር አያስጮህም፤ «ተነስ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው።

ትእዛዙ ሲደርስ አምፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ተቆጣጣሪ አይሲ ትነቃለች። ብዙ አምፖች ላይ ቲኤል 494 የምትባለዋ ናት። እሷ ሞስፌት የሚባሉትን ትራንዚስተሮች በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ታበራለች፣ ታጠፋለች። በዚህ የተነሳ 12 ቮልቱ በዶናት ቅርጽ በተጠቀለለው ትራንስፎርመር አልፎ ከፍ ያለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቮልት ይሆናል፤ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ይሞላል። ስፒከሩን የሚያስጮኸው ይሄኛው ነው።

አሁን ልብ በሉ! ባዶ ካፓሲተር መሞላት ሲጀምር በጣም ይጠማል። አምፑ ከሁሉ ይልቅ ብዙ አምፔር ከሚጎትትባቸው ጊዜያት አንዱ ይሄ የመነሻ ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት መንገዱ ጠባብ ከሆነበት ቮልቱ ይወርዳል። ቮልቱ ሲወርድ የአምፑ መከላከያ «ባትሪው አልቋል» ብሎ ይዘጋዋል። ሲዘጋ የሚጎትት የለምና ቮልቱ ይመለሳል። ሲመለስ አምፑ እንደገና ይነሳል። ብልጭ፣ ዱም፣ ድርግም... ጠያቂያችን የጻፈልን ምን ነበር? ይሄንኑ!

የሞተ ሰው እየተነሳ አይወድቅም። አሥር ጊዜ የሚነሳ አምፕ የሞተ ሳይሆን የተራበ ነው። ጥርጣሬያችን የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

በአንድ አምፖል የተያዘው ሌባ

ለወጣቱ ሁለተኛ መልእክት ላክንለት። «አምፑን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ባትሪው አጠገብ ትክክለኛ ፊውዝ ክተት። የፊት መብራት አምፖል፣ ባለ 55 ዋቱን ፈልግ። አምፑ ታስሮባቸው የነበሩት ሁለት ካቦዎች፣ ፖዘቲቩና ማሳው፣ ጫፍ ላይ አምፖሉን እሰር። ቴስተር ተዋስና እየበራ ሳለ ለካ።»

ለምን አምፖል? አምፑ እየተነሳ እየጠፋ ስለሆነ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ይዘላል፤ ለማንበብ አይመችም። አምፖሉ ግን ዝም ብሎ ወደ 4 አምፔር ተኩል እየጎተተ ይበራል። መንገዱ ደህና ይሁን አይሁን ረጋ ብሎ ያሳያል።

ወጣቱ በማግስቱ የላከልን ቁጥር እንዲህ ነበር፤

ባትሪው ራስ ላይ 12.4 ቮልት።
አምፖሉ ጋ የደረሰው 11.3 ቮልት።
በፖዘቲቭ ካቦው መንገድ ላይ የቀረው 0.1 ቮልት።
ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ማሳው ጫፍ የቀረው 1.0 ቮልት።

ሌባው ተያዘ! ሌባውም ማሳው ነው። ደህና ማሳ ላይ እንዲህ ባለ ትንሽ ጭነት የሚቀረው ቮልት ዜሮ ሊባል የሚችል ነው። እዚህ ግን 1 ሙሉ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

«አንድ ቮልት ምን አላት?» እንዳትሉኝ። በ4 አምፔር ተኩል 1 ቮልት ከጠፋ የዚያ ማሳ መሰናክል 0.22 ኦም ገደማ ነው። አምፑ ሲነሳ 20 አምፔር ቢጎትት 20 በ0.22 ሲባዛ 4.4 ቮልት ማሳው ላይ ይቀራል። ፖዘቲቩ ላይ ደግሞ ወደ ግማሽ ቮልት። ከ12ቱ ቮልት ለአምፑ የሚደርሰው 7 ተኩል እንኳ አይሞላም። በ7 ቮልት ማን ይነሳል?

የሚሸተውስ? እሱም እዚያው ነው መልሱ። 20 አምፔር በ4.4 ቮልት ሲባዛ 88 ዋት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ላይ፣ ለአፍታም ቢሆን፣ የአንድ ትልቅ ብየዳ ብረት ሙቀት በአንዲት ብሎን ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ወጣቱ የኋላ ወንበሩን አንስቶ ሲያይ ማሳው የታሰረው ቀለም በተቀባው የወንበር ብሎን ላይ ነው። ብሎኑ ዝጓል፣ ዙሪያው ጠቁሯል፣ የምንጣፉ ጠርዝ ኮምትሯል። አያችሁ? ሽቦ ተተክቶለት ለነበረ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም።

አሶሳ ላይ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ያህል ይወርዳል። በጭቃ እግር የሚገባ ተሳፋሪ፣ እርጥብ ምንጣፍ፣ ከዚያ በበጋው አቧራ... ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ በእንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ጉባ ላይ ያለው የሕዳሴ ግድብ የእናንተው ክልል ውስጥ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ተነግሮናል። ግን ኃይል መመንጨቱ ብቻውን አይበቃም፣ መንገድ ይፈልጋል። ለግድብ መንገዱ ምሰሶና ገመድ ነው፤ ለአምፕ ደግሞ ንጹሕ ማሳ።

ማሳ እንዲህ ይታሰራል

ከአምፑ ግማሽ ሜትር ሳይርቅ የቦዲውን ወፍራም ብረት ፈልጉ። የወንበርና የቀበቶ ብሎን ይቅርባችሁ። ከሥሩ የነዳጅ ቱቦም ሆነ ገመድ አለመኖሩን ሳታዩ አትብሱ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። የማሳው ካቦ ውፍረት ከፖዘቲቩ እኩል ይሁን። ጫፉን በመዳብ ቀለበት በደንብ አስጨምቁና በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩት። ከታሰረ በኋላ፣ አደራ ከታሰረ በኋላ፣ ዝናብ እንዳይበላው ከላይ ግሪስ ወይም ቀለም ቀቡት። ኮፈኑ ሥር ባትሪውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን ኔጌቲቭ ካቦም አብራችሁ አጽዱ፤ የመንገዱ ሌላኛው ጫፍ እሱ ነው።

ካቦ ስትገዙ ደግሞ ውፍረቱን ብቻ አትዩ። መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን አሶሳ ገበያ፣ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ። አንዱን ክር በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከነጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከገዛችሁት ግድ የለም፣ ግን ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ወጣቱ ይህን አደረገ። አምፖሉን መልሶ አስሮ ሲለካ ማሳው ላይ የቀረው 0.02 ቮልት ብቻ ሆነ። አምፑን አሰረው። ተነሳ! ዘፈኑንም አስጨረሰ።

ታዲያ ጠጋኙ ለምን «ሞቷል» አለ? የሞከረው በቻርጀር ነዋ! ትንሽ ቻርጀር የሚሰጠው አምፔር ጥቂት ብቻ ነው። ካፓሲተሮቹን ለመሙላት ስለማይበቃ እሱም ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጠጋኙ ያየው ያንኑ በሽታ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። አምፕ የሚሞከረው በደህና የመኪና ባትሪና በፊውዝ ነው። በል እንግዲህ እሱንም ሄደህ እንዳትሰድብ!

አምፑ ተነሳ፤ ጓደኝነቱስ?

ወንድሜ፣ አሁን ወደ ከባዱ ጥገና መጣን።

እስቲ ወደ ራስህ ጽሑፍ ልመልስህ። «እሱ ቤት በመኪና ባትሪ ሲያስነሳው ግድግዳ ያርድ ነበር» ብለኸናል። ስለዚህ ዕቃው ሲሠራ በዓይንህ አይተሃል። የተለወጠው ምን ነበር? ዕቃው አይደለም፣ ሰውዬውም አይደለም፣ መኪናው ነው። መረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅህ ላይ ነበር። ንዴት ነው እንዳታየው የጋረደህ።

«ልክሰሰው?» ላልከው... ኧረ ተው! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰውን መስደብንና ስም ማጥፋትን በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል። ሰው በተሰበሰበበት «ሌባ» ያልከው አንተ፣ የተባለው እሱ። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄዱ ከሳሹ ማን እንደሚሆን አስበህበታል? እሱ ግን አልከሰሰህም፤ ዝም ብሎ ሄደ። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርገህ ወስደኸው ይሆናል። እኔ ግን የተጎዳ ሰው ዝምታ ነው እላለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። በስልክ አይሆንም፣ በሰው መላክም አይሆንም። ስድቡ የወጣው መናኸሪያ ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ይውጣ። ያኔ የሰሙት ሰዎች፣ ሹፌሮቹም ረዳቶቹም ባሉበት፣ «ሌባ ብዬሃለሁ፣ ሌባ አይደለህም፣ ዕቃው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የኔ መኪና ማሳ ነበር» በለው። ስለ ቮልትና ስለ ኦም ብዙ አታብራራ። ሰበብ አትደርድር። ጠጋኙን አታንሳ፣ ረዳትህንም አታንሳ። ጠጋኙ «ሞቷል» ነው ያለህ እንጂ «ጓደኛህ ሌባ ነው» አላለህም።

ወዲያው ባያቅፍህ አትከፋ። ማሳ ለመዛግ ሁለት ክረምት ይፈጅበታል፤ ቁስልም ለመዳን ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቅና ካልሆነ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ታላቅ ሰው ይግባ። የአንድ ገበያ ሰፈር ልጆች ናችሁ፤ በ14 ሺህ ብር ዕቃ የልጅነት ወዳጅ አይሸጥም።

አክስትህን በተመለከተ ደግሞ እሳቸው ትክክል ናቸው። ከወንበሩ ሥር ጭስ የሸተታቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ መኪናዋም የእሳቸው ጥሪት ናት። አሁን «ተሠራ» ብለህ ዘፈን አታስከፍትባቸው። መጀመሪያ ወንበሩን አንስተህ የጠቆረውን ብሎንና አዲሱን ማሳ አሳያቸው። ፊውዙንም አሳያቸው። «ሽቦ የነበረው እዚህ ነው፣ ሁለተኛ አይደገምም» በላቸው። እሳት ማጥፊያ ገዝተህ ከወንበርህ ሥር አስቀምጥ። ተሳፋሪ ሲኖር ድምፁ ሰው ለማውራት የሚያስችል ይሁን፤ ሕፃን የያዘች እናት ስትሳፈር ቤዙ ይዘጋ። ይህን ሰምተውም «አውጣው» ካሉ አውጣው። መኪናዋ የሰው፣ ቁልፉም የሰው ነው።

ረዳትህንም ሳትቆጣ ሽቦውን አሳየውና ምን ሊያደርስ እንደነበር ንገረው። ነገ እሱም ሹፌር ነው።

ማሳው ደህና ሆኖ ካልተነሳስ?

ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁልን ስላላችሁ ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ እንይ።

ምንም መብራት ከሌለ፦ መጀመሪያ አምፑ አፍ ላይ በፖዘቲቭና በማሳ መካከል 12 ቮልት መኖሩን ለኩ። ካለ ወደ ሪሞቷ ሂዱ። ቴፑ ተከፍቶ ሪሞቷ ላይ 12 ቮልት ገደማ ከሌለ አምፑን አትንኩት፤ ትእዛዝ አልደረሰውም። ገመዷ ተበጥሳለች ወይም ቴፑ አይልክም።

ፊውዙ ገና ሲታሰር ከተበጠሰ፦ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ እንዳልታሰረ እዩ። ካልተገላበጠ አምፑን አውጡና ፖዘቲቭና ማሳ መግቢያዎቹን በቴስተር ኦም ለኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከጨመረ ካፓሲተሩ እየተሞላ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ዜሮ አካባቢ ተቸክሎ ከቀረ ግን ብዙ ጊዜ ሞስፌቶቹ ወይም የመገላበጥ መከላከያ ዳዮዱ ሾርት አድርገዋል። ይሄ የጠጋኝ ሥራ ነው።

ቀዩ የመከላከያ መብራት ከበራ፦ የስፒከሮቹን ገመድ በሙሉ ንቀሉና እንደገና አስነሱ። አረንጓዴ ከሆነ ጥፋቱ ስፒከሩ ወይም ቦዲ የነካ ገመዱ ነው። ቀዩ ካልጠፋ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው።

ለጠጋኝ ወዳጆቻችን አንድ ነገር፦ ቲኤል 494 ያለበትን ስትከፍቱ ሞስፌት ለመቀየር አትቸኩሉ። 12ኛዋ እግር ላይ አቅርቦቱ፣ 14ኛዋ ላይ 5 ቮልት መኖሩን እዩ። 5 ቮልቱ ካለና 4ኛዋ እግር ከፍ ብላ ከቆየች አይሲዋ ጤነኛ ናት፤ ሌላ መከላከያ «አትነሳ» ብሎ ይዟታል ማለት ነው። ማን እንደያዛት ፈልጉ። የመጀመሪያውን ሙከራ ደግሞ በፊውዙ ቦታ አምፖል አስገብታችሁ አድርጉ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ አዲሶቹ ሞስፌቶቻችሁም ተረፉላችሁ።

አጫጭር መልሶች

ከባምባሲ ለጻፍክልን የአይሱዙ ሹፌር፦ ተው! ብዙዎቹ አይሱዙዎች ሁለት ባትሪ ተደርድሮላቸው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ያንተን ለክተህ 24 ካገኘህ ባለ 12 ቮልት አምፕ በቀጥታ ብታስርበት ይቃጠላል። «ከአንዱ ባትሪ ብቻ ልውሰድ» ያልከውም አይሆንም። ያ ባትሪ ከወንድሙ ቀድሞ ይደክማል፣ ሁለቱንም ያበላሽብሃል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዛ፤ አምፔሩ ለአምፑ መብቃቱንም ጠይቅ።

«ጠዋት ጠዋት ባጃጄ አይነሳም» ላልከው የአሶሳ ልጅ፦ ሪሞቷን ከባትሪው ጋር በቀጥታ አስረሃታል ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዲያ ከሆነ አምፕህ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ዝም ብሎ 1 አምፔር ቢጎትት በ10 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ለባጃጅ ትንሽ ባትሪ ይሄ ብዙ ነው። ሪሞቷን ወደ ቴፑ መልሳት። ቴፑ መውጫ ከሌለው ቁልፉ ሲዘጋ ከሚጠፋ መስመር በትንሽ ፊውዝ ውሰድላት።

«የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፣ ከትልቁ ባትሪ አምፕ ላስር?» ላልሽን የአዲስ አበባ አንባቢ፦ እህቴ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ በርክቶልናል። ብርቱካንማ ገመድ ያየሽበትን ሁሉ እንዳትነኪ፤ እሱ ሰው ይገድላል። መኪናሽ ለብቻው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላት። አምፑ የሚታሰረው ከእሷ ነው፤ እሱም ትንሽ አምፕ ብቻ፣ ባለሙያ አይቶት።

በሉ እንግዲህ፣ የዛሬው ይበቃናል። የአሶሳው ወዳጃችን አምፑ መነሳቱን ነግሮናል፤ መናኸሪያ ስለመሄዱ ግን ገና አልጻፈልንም። ማሳውን ለማጽዳት አንድ ቀን ነው የፈጀብህ፣ ወንድሜ። ይሄኛውንም አታሳድረው።

ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!